የበዓል ቀሚስና የወር ደመወዝ

«ለሠራተኛሽ ለበዓሉ ምን አደረግሽላት?»

አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ጥያቄ በእንቁጣጣሽ፣ በገናና በፋሲካ ዋዜማ ከቤት ቤት ይዞራል፤ በሙስሊሞች ቤት ደግሞ በኢድ አል ፈጥርና በአረፋ ሰሞን። የሚጠያየቁት ጎረቤታሞች ወይም እህትማማቾች ናቸው። አንዷ ቀሚስ እንደገዛችላት ትናገራለች። ሌላዋ ለሠራተኛዋ እናት አምስት ሊትር ዘይትና ሁለት ኪሎ ቡና ገዝታ እንደላከች ትጨምራለች። ሦስተኛዋ «ደመወዟን ከቀኑ በፊት ሰጠኋት» ትላለች፤ ይህ ግን የልጅቱን የራሷን ገንዘብ በጥቂት ቀን ማስቀደም እንጂ ስጦታ አይደለም። አራተኛዋ «ከልጆቼ እኩል እየበላች ምን ጎደለባት?» ብላ ወሬውን ትዘጋዋለች።

እኔን ለዓመታት ያሳሰበኝ የአራተኛዋ መልስ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ደጎች ናቸው፤ ሰው ያውቃሉ፣ እጃቸው አይሰስትም። ሆኖም ልጅቱ የምታገኘው ሁሉ የቆመው በእነሱ ፈቃድ ላይ ነው። ዘንድሮ ቀሚስ ያገኘች ልጅ በመጪው ዓመት ቤት ብትቀይር፣ ወይም አሠሪዋ በሆነ ነገር ብትቀየማት፣ «ይገባኛል» ብላ የምትጠይቀው ነገር የላትም። ከምግቧ እስከ መኝታዋ፣ ከእረፍቷ እስከ ስንብቷ፣ በቤት ሠራተኛና በአሠሪ መካከል ያለው ሁሉ እንደ ችሮታ ሲቆጠር ኖሯል። ስለ በዓል ስጦታ ወግ ልጽፍ የተነሣሁትም ለዚህ ነው። ወጉን አጥብቆ የያዘ ሰው ስጦታ ከየት እንደሚጀምር ያውቃል፤ የሚጀምረውም ዕዳው ተከፍሎ ካለቀ በኋላ ነው።

የነገሩ ሥር ሩቅ ነው። በድሮ ትልልቅ ቤቶች እንጀራ ጋጋሪዋ፣ ወጥ ሠሪዋ፣ ውኃ ቀጂዋና ፈጪዋ የሚያድሩት በደመወዝ ሳይሆን በቀለብና በዓመት ልብስ ነበር። ከእነሱም መካከል ብዙዎቹ የራሳቸው ሰው አልነበሩም፤ ባርነት በሕግ ፊት ጨርሶ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ የዘመድ ልጅ ከገጠር አምጥቶ ማሠራት ተለመደ። «ትማራለች»፣ «ለወግ ለማዕረግ አበቃታለሁ» ይባላል፤ ወላጆቿም አምነው ይሰጣሉ። ቃላቸውን የጠበቁ አሉ፤ ልጅቱን አስተምረው፣ ድግስ ደግሰው፣ እንደ ወለዷት ልጅ የዳሩ ቤተሰቦች በየሰፈሩ ይታወቃሉ። ቃላቸውን የበሉም አሉ። ልጅቱ ጉልበቷን ጨርሳ በሁለት ቀሚስና በአንድ ነጠላ ስትወጣ የሚጠየቅ ሰው አልነበረም፤ የተቆረጠ ደመወዝ አልነበረማ!

ዛሬ አብዛኛዋ ሠራተኛ በደላላ ትገባለች። ደመወዟ ይነገራታል፣ ተያዥ ትጠየቃለች፣ ደላላውም ድርሻውን ይወስዳል። ገንዘቡ ተቆርጦ እየታወቀ ግን የድሮው ሐሳብ ከቤት አልወጣም። «እንደ ልጄ ነው የማያት» የሚለው አነጋገር በቅንነት የሚነገርበት ቤት ብዙ ነው። እንደ ልጅ የምትታየው ሠራተኛ ግን ከልጆቹ ቀድማ ትነሣለች፣ ከልጆቹ በኋላ ትተኛለች፤ ስትታመምም መጀመሪያ የሚታሰበው ነገ ማን ቁርስ እንደሚሠራ ነው። ልጅነቱ የሚታሰበው ደመወዝ ይጨመርልኝ ባለች ዕለት ነው፤ «ከቤተሰቡ አንዷ ሆነሽ ሳለ እንዴት ስለ ብር ታወሪያለሽ?» ትባላለች።

ሕጉም ቢሆን ብዙ አልደረሰላትም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአሠሪው ጋር ለሚኖር ሠራተኛ ጥቂት አንቀጾች አሉት። በቁጥር 2601 ላይ አሠሪው የመኖሪያውን፣ የምግቡን፣ የሥራውንና የእረፍቱን ሰዓት ነገር የሠራተኛው ጤናና ሥነ ምግባር እንዳይጎዳ አድርጎ እንዲያስተካክል ያዛል። ጥሩ ቃል ነው፤ ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ስንት ቀን እንደሆነ ግን አይናገርም። ከዚያ በኋላ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 377 ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከወሰኑ ውጭ አደረገው፤ የእነዚህን ሠራተኞች የሥራ ሁኔታ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ይወስናል አለ። ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ2011 ዓ.ም.፣ አዋጅ ቁጥር 1156 ሲወጣ ያው ቃል እንደገና ተጻፈ። 15 ዓመት ማለት በ12 ዓመቷ ከጎጃም የመጣች ልጅ 27 ዓመት የምትሞላበት ጊዜ ነው። የአንዲት ሴት ጉልምስና በሁለት አዋጆች መካከል አለፈ።

ይኸው አዋጅ ለሚያቅፋቸው ሠራተኞች ደመወዝን ከሌላው ገቢ ለይቶ ያስቀምጠዋል። ጉርሻ መሰል ነገር፣ ቦነስም ሆነ ደንበኛ የሚከፍለው የአገልግሎት ክፍያ፣ ደመወዝ አይባልም። ስለዚህ የሆቴል አስተናጋጅ ከጠረጴዛ ላይ ያነሣው ብር የተዋዋለበትን ደመወዝ አይተካም። በዓለም የሥራ ድርጅት ጉባኤ በሰኔ 2003 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ የጸደቀው የቤት ሠራተኞች ስምምነት፣ ቁጥር 189፣ ይህንኑ ወደ ቤት ውስጥ ያስገባዋል፤ ደመወዝ ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ በጥሬ ገንዘብ ለራሷ ለሠራተኛዋ ይከፈል፣ በዓይነት የሚሰጥ ነገር ካለም ጥቂቱን ክፍል ብቻ ይሁን፣ እሷ የተስማማችበትና ለራሷ የሚጠቅማት ይሁን ይላል። በእኛ ቤት ውስጥ ግን ቀለቡም፣ መኝታውም፣ ያለፈው ዓመት ጃኬትም ተደምረው «ደመወዟ እኮ ብዙ ነው» ይባላል።

የፋሲካ ዋዜማ ሌሊት ማድቤት ገብቶ ያየ ሰው ስለዚህ ነገር ብዙ አይነገረውም። ሽንኩርቱ ከቀትር ጀምሮ ሲላጥና ሲከተፍ ይውላል። ዶሮው ከታረደ በኋላ በፈላ ውኃ ተነክሮ ይነጫል፣ በእሳት ይለበለባል፣ 12 ቦታ ይገነጠላል፣ በሎሚና በጨው ታጥቦ ታጥቦ ውኃው እስኪጠራ ድረስ ይደገማል። ቁሌቱ እንዳይዝ ሌሊቱን ሙሉ ማማሰል አለ። ቤተሰቡ ነጠላውን ለብሶ ለትንሣኤ ቅዳሴ ሲወጣ ምድጃው አጠገብ የምትቀረው እሷ ናት። ጾሙን 55 ቀን አብራቸው ጾማለች። ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ገበታው ቀርቦ ይጠብቃቸዋል፤ ፈረሰኛው ለአባወራው፣ መላላጫው ለእንግዳው፣ እንቁላሉ ለልጆቹ ይታደላል። የእሷ ድርሻ ብዙ ጊዜ ገበታው ከተነሣ በኋላ ነው፤ አንገትና ከድስቱ ሥር የቀረ መረቅ ይሆናል፣ እሱንም ቆማ ዕቃ እያጠበች ትቀምሰዋለች።

በዚህ ቤት ውስጥ ለልጅቱ ጠዋት ላይ የሚሰጣት አዲስ ቀሚስ ምንድን ነው? ደስ እንደሚላት አልክድም። እኔ ግን አንዲት በዕድሜ የገፉ የካዛንችስ እናት ያደርጉት የነበረውን አስባለሁ። ወጡን ቀኑን አብረዋት ይሠሩና ሲመሽ «በይ ልብስሽን ለውጪና ሂጂ፣ ቀሪውን እኔና ልጆቹ እንጨርሰዋለን» ብለው ለቅዳሴ ይሸኟት ነበር። ስትመለስ ከእሳቸው ጎን ተቀምጣ ከአንድ ትሪ ትፈታለች። ቀሚስ የገዙላትን ዓመት አላስታውስም፤ ቅዳሴ ያስቀሩባትን ዓመት ግን አላየሁም። ሌሎች የሰፈሩ ሠራተኞች በዚያች ልጅ ይቀኑ ነበር።

ልብስን ካነሣሁ አይቀር ያገለገለ ልብስ ጉዳይ ሊነገር ይገባዋል። በየመንደሩ «ልዋጭ!» እያለ የሚዞር ነጋዴ አለ፤ አሮጌ ልብስና ጫማ ይወስዳል፣ በምትኩ የፕላስቲክ ሳፋ፣ ጆግ ወይም ባልዲ ይሰጣል። ልብስ ከቁም ሣጥን ሲወጣ እመቤቲቱ ሁለት ሐሳብ ይመጣላታል፤ ለልዋጭ ወይስ ለሠራተኛዋ? ለልዋጭ የማይበቃው ብዙ ጊዜ ለሠራተኛዋ ይደርሳል። ያገለገለ ልብስ መስጠት ነውር አይደለም፤ በቤተሰብ ውስጥም ታላቅ ለታናሽ ያወርሳል። ነውሩ ያለው የበዓል ስጦታ ብሎ ማቅረቡ ላይ ነው። ያገለገለውን በአዘቦት ቀን፣ ታጥቦና ተተኩሶ፣ «ከወደድሽው ውሰጂው፣ ካልፈለግሽው ተዪው» ተብሎ ይሰጥ። የበዓል ስጦታ ከሱቅ የወጣ ይሁን፤ ካልሆነ ብር ይሁን። ብር ምንጊዜም ይሻላል የሚል እምነት አለኝ። እናቷ ጣሪያ እያፈሰሰባት ያለች ልጅ በእመቤቷ ምርጫ የተገዛ ሽቶ ይዛ ወደ አገሯ ስትገባ የሚሰማትን መገመት አይከብድም።

ሃይማኖትም ይታሰብ። በአዲስ አበባ ክርስቲያን ቤት የምትሠራ ሙስሊም፣ ሙስሊም ቤት የምትሠራ ክርስቲያን ሞልታለች። ከቅርጫ ሥጋ ተቆርጦ ለሙስሊሟ ሲሰጣት ምስጋናውን ትናገራለች፣ ሥጋውን ግን አትበላውም፤ ወይ ለጎረቤት ትሰጠዋለች፣ ወይ ይበላሻል። በሕይወቱ ያለ ዶሮ ብትሰጧት በእምነቷ መሠረት አሳርዳ ከዘመዶቿ ጋር ትበላዋለች። ክርስቲያኗም ለሙስሊም አሠሪዋ አረፋ ስትሠራ ውላ የምትወስደው ሥጋ አይሁን፤ ዘይት፣ ስኳር፣ ቡና፣ ብር ሁሉም ያስማማል። ይልቁንም ትልቁ ነገር የራሷን በዓል ማወቅ ነው። የአሠሪው በዓል ለእሷ የሥራ ቀን ነው። ስጦታው በኢድ ቢሰጣት፣ ቀኑም የእሷ ቢሆን፣ ከገና ስጦታ ይልቅ ዕድሜ ልኳን ታስታውሰዋለች።

መስከረም ደግሞ የራሱ ፈተና አለው። መስቀል ሲደርስ የጉራጌ ልጅ አገሩ ይገባል፤ የወላይታውም ለጊፋታ ይሄዳል። አሠሪዋ የምትፈራው አንድ ነገር ነው፤ «ሄዳ ትቀርብኛለች»። በዚህ ፍርሃት የተነሣ የአንድ ወይም የሁለት ወር ደመወዝ ይያዝና «ስትመለሺ ትቀበያለሽ» ይባላል። ልጅቱ ባዶ እጇን ላለመግባት ከሌላ ሠራተኛ ትበደራለች። ይህ በብዙ ጨዋ ቤት የሚደረግ ነገር ነው፣ ማንም እንደ በደል አይቆጥረውም። ነገር ግን የሠራችበትን ገንዘብ መያዣ ማድረግ ነው። እንድትመለስ የሚፈልግ ሰው መሳፈሪያዋን ችሎ፣ ደመወዟን ቆጥሮ ሰጥቶ፣ የምትመለስበትን ቀን ተስማምቶ ይሸኛታል። ያኔም የማትመለስ ትኖራለች፤ አሠሪ ለሁለት ሳምንት ይቸገራል፣ እሷ ግን የላበችበትን አላጣችም።

ስጦታ በአደባባይ ይሰጥ የምለው ባየሁት ነገር ነው። በምኖርበት ኮንዶሚኒየም አንዲት ሠራተኛ ሥራ ለቅቃ ስትወጣ ደረጃው ላይ ሻንጣዋ ተከፈተ። አባወራው አንድ በአንድ ያወጣ ጀመር፤ ሁለት ሻሽ፣ የተጠቀለለ ነጠላ፣ የልጅ ጫማ፣ ግማሹ ያለቀ ሽቶ። ሽቶው ላይ ሲደርስ «ይሄን ማን ሰጠሽ?» አላት። «እትዬ ናቸው የሰጡኝ ጋሼ፣ ለገና። ይደውሉላቸው» አለች። ስልኩ አይነሣም። የጥበቃ ሠራተኛው መጣ፣ ጎረቤት በሩን ከፈተ፣ ልጅቱ ሻንጣዋ እንደተዘረገፈ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ሚስትየዋ ከሥራዋ ደውላ «አዎ እኔ ነኝ የሰጠኋት» እስክትል ድረስ ሰፈሩ ሁሉ ሌባ አድርጎ አይቷታል። ሽቶው ከልብ የተሰጠ ነበር። በስውር መሰጠቱ ግን ልጅቱን ለውርደት ዳረጋት።

ከዚያ ወዲህ ለሚጠይቁኝ ሁሉ የምናገረው ይህን ነው፤ ለሠራተኛ ዋጋ ያለው ዕቃ የሚሰጥ ሰው ቤተሰቡ ሁሉ ባለበት ይስጥ፣ ተያዧም ይስማ። ገንዘብ ሲሆን ደግሞ በስሟ በተከፈተ ሒሳብ ይግባላት። ኢትዮ ቴሌኮም በ2013 ዓ.ም. ቴሌብርን ከጀመረ ወዲህ ይህ ቀላል ሆኗል፤ የገባው ብር መልእክቱ ስልኳ ላይ ይቀራል፣ ማንም «አልሰጠሁሽም» ወይም «ከየት አመጣሽው?» አይላትም። «ደመወዝሽ እኔ ጋር ይጠራቀምልሽ» የሚለው የድሮ ልማድ በቅን ልብ የሚደረግበት ቤት አለ፤ ነገር ግን ስንት ሠራተኛ ነች ከዓመታት በኋላ ሒሳቡ አልገጥም ብሏት በእመቤቷ ቃል ብቻ ተስማምታ የወጣችው? የራሷ እቁብ ውስጥ እንድትገባ መፍቀድና ዕጣ በሚወጣበት እሑድ ሁለት ሰዓት መልቀቅ ከማስቀመጥ ይበልጣል።

እንግዳ የሚሰጠው ጉርሻም ወግ አለው። ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ አንድ ወር ሲከርም አንሶላው፣ ፎጣው፣ በየሰዓቱ የሚፈላው ቡና፣ ሊጠይቅ የሚመጣው ሰው ሁሉ በሠራተኛዋ ላይ ይወድቃል። ሥራዋ እጥፍ ይሆናል፣ ደመወዟ ግን ያው ነው። እንግዳው ሲሄድ እጇ ላይ የሚያደርግላት ገንዘብ ስለዚህ የደግነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በዋሽንግተንና አካባቢው ሆቴሎች አልጋ የሚያነጥፉ ብዙ ወገኖቻችን አሉ፤ ክፍሉን ለቅቆ የወጣ እንግዳ ትራስ አጠገብ ጥቂት ዶላር ትቶ ሲሄድ ምን ማለት እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃሉ። አገራቸው ሲገቡ ይህንን የሚያስቡ አሉ፤ አንዳንዶቹም በመጨረሻው ቀን በሻንጣ ግርግር ይረሱታል። የቤቲቱ እመቤት ደግሞ ልጅቱ የተቀበለችውን ብር «አምጪ እኔ ላስቀምጥልሽ» ማለት የለባትም። እንግዳው የሰጠው ለእሷ ነው።

ስለ ተመላላሽ ብዙም አይነገርም። ሦስት አራት ቤት በሳምንት እየዞረች የምታጸዳ፣ ልብስ የምታጥብ፣ እንጀራ የምትጋግር ሴት በበዓል ሰሞን ብዙ ጊዜ ከሁሉም ባዶዋን ትቀራለች፤ አንደኛው ቤት ሌላኛው ይሰጣታል ብሎ ያስባልና። ለተመላላሽ የሚከብደው የስጦታው መቅረት እንኳ አይደለም። የምታጸዳበት ቀን በዓል ላይ ሲውል፣ ወይም አሠሪዎቿ ለሽርሽር ሲወጡ፣ «በዚህ ሳምንት አትምጪ» ትባላለች፤ የዚያ ቀን ገቢዋም አብሮ ይቀራል። ስለዚህ በዓል ለእሷ የጎደለ ሳምንት ነው። በአሜሪካ አዘውትራ ለምታጸዳ ሴት በዓመቱ መጨረሻ የአንድ ቀን ዋጋዋን ጨምሮ መስጠት የተለመደ ወግ ነው። እኛም ቤት ሊሠራ የሚችል ልክ ነው፤ የቀረባት ቀን ይከፈላት፣ በላዩ ላይ የአንድ ቀን ዋጋ ይጨመርላት። ይህን ስል አሜሪካን ምሳሌ አድርጌ ለማቆም አይደለም። በዚያም አገር በ1938 እ.ኤ.አ. ስለ ዝቅተኛ ደመወዝና ስለ ትርፍ ሰዓት ሕግ ሲወጣ የቤት ሠራተኞች ተትተው ነበር፤ የገቡበት በ1974 ነው። የሠላሳ ስድስቱን ዓመት ጉድለት የገና ጉርሻ አልሞላውም።

ፊሊፒንስ በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ለቤት ሠራተኞቿ የአሥራ ሦስተኛ ወር ደመወዝ ደነገገች። ገንዘቡ በዓመት አንዴ የሚከፈል፣ በአሠሪው ፈቃድ ላይ ያልተንጠለጠለ ነው። ይህን ባነበብኩ ቁጥር የማስበው ጳጉሜንን ነው። የእኛ ዓመት እውነተኛ አሥራ ሦስተኛ ወር አለው፤ 5 ቀን፣ በዘመነ ሉቃስ 6 ቀን። በወር ደመወዝ የሚተዳደር ሰው ለእነዚህ ቀናት ለብቻው አይከፈለውም። ለቢሮ ሠራተኛ ጳጉሜን እንደማንኛውም ሳምንት ታልፋለች። ለቤት ሠራተኛ ግን ከዓመቱ ሁሉ የከበደች ናት፤ መጋረጃ ይወርዳል፣ ምንጣፍ ይታጠባል፣ ግድግዳው ይወለወላል፣ ጠላው ይጠመቃል፣ ድፎ ዳቦው ይጋገራል። እንቁጣጣሽ ላይ ቤቱ ፏ ብሎ የሚታየው በነዚያ ባልተከፈለባቸው ቀናት ጉልበት ነው። ሒሳቡ ከባድ አይደለም፤ የወር ደመወዟን ለ30 አካፍሎ በ5 ወይም በ6 ማባዛት ነው። ይህ ገንዘብ ጳጉሜን ሳታልቅ ይሰጣት፤ ስጦታ ተብሎ ሳይሆን ደመወዝ ተብሎ። የዓመቱ የበዓል ስጦታዎች ሁሉ ተደምረው ደግሞ ከአንድ ወር ደመወዝ ባያንሱ መልካም ነው እላለሁ። ይህ የእኔ ልክ ነው፤ የሚበልጥ የሚሰጡ ቤቶች አሉ።

የማታ ትምህርት ነገርም አለ። በብዙ ትምህርት ቤቶች የማታው ፈረቃ ወንበሮች ላይ ከሚቀመጡት መካከል የቤት ሠራተኞች ብዙ ናቸው። በመስከረም የመመዝገቢያዋንና የደብተሯን መሸፈን ከየትኛውም ቀሚስ ይልቃል፤ ግን ክፍያው ብቻውን አይበቃም። እራት በሁለት ሰዓት ይቅረብ በሚባልበት ቤት፣ ትምህርቱ ደግሞ በአሥራ ሁለት ሰዓት ከጀመረ፣ ደብተሩ ባዶ ሆኖ ይከርማል። ቤተሰቡ ራሱ እራቱን አቅርቦ መብላት የለመደበትን ቤት ሳይ ልቤ ይሞላል። ልጅቱ ስምንተኛ ክፍል ተፈትና ያለፈች ዕለት በዚያ ቤት የሚሆነው ደስታ ሌላ ነው።

በመጨረሻ ስንብት አለ። ኩዌት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የቤት ሠራተኞች ሕግ ውሏን የጨረሰች ሠራተኛ ላገለገለችበት ለእያንዳንዱ ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ ይገባታል፤ በሳምንት አንድ ቀን እረፍትና የዓመት ፈቃድም እንደዚሁ። ፓስፖርታቸው የተነጠቀ፣ ደመወዛቸው የተከለከለ፣ አካላቸው የጎደለ እህቶቻችንን ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ስንቀበል ኖረናል፤ በወረቀት ያለው ሕግ በቤት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚጣስ ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ቢሆንም ወረቀቱ አለ። አንዲት ኢትዮጵያዊት ኩዌት ከተማ ውስጥ ወረቀቱን ይዛ ልትከራከር ትችላለች፤ ገርጂ ወይም ሳሪስ ሰባት ዓመት የሠራች እህቷ ግን ስትወጣ የምትጠብቀው የእመቤቷን ፊት ነው። ደስ ብሏት ከሆነ ጋቢና የመሳፈሪያ ብር አለ፤ ተቀይማ ከሆነ የሻንጣ ፍተሻ አለ።

አዋጁ ለሚኒስትሮች ምክር ቤት የተወው ደንብ ሲወጣ ይህ ሁሉ ይገባበታል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እስከዚያ ግን አንድ ቤት በራሱ ሊወስነው የሚችለው ብዙ ነው፤ የሴቶች እድርም በሰፈሩ ሊስማማበት ይችላል። ለእያንዳንዱ ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ መስጠት የማይችል የግማሽ ወር ይስጥ፤ አስቀድሞ ተነጋግሮ፣ በቅጥሩ ቀን ተናግሮ ይስጥ። የሥራ ልምድ ወረቀትም ይጻፍላት። ስሟ፣ የሠራችበት ዘመን፣ የምትችለው ሙያ፣ ለምሳሌ ሕፃን መያዝ፣ የፈረንጅ ምግብ፣ ልብስ መተኮስ፣ ከዚያም የአሠሪዋ ስልክና ፊርማ። ግማሽ ገጽ አይሞላም። ይህን ወረቀት የያዘች ሴት ቀጣዩን ቤት ራሷ አንኳኩታ ደመወዟን ራሷ ትነጋገራለች፤ ከመጀመሪያው ወር ደመወዟ ላይ ደላላው የሚቆርጠውም ይቀርላታል።